ፓምፕ ጠጋኙና የእህቱ ኮራል

መጀመሪያ እጁን እስከ ክርኑ ድረስ ታጠበ። በሙቅ ውሃ ብቻ፤ ሳሙና የዓሣ ገንዳ ውስጥ ከገባ መርዝ ነው። ሃያ ሊትር የተጣራ ውሃ በነጩ ባልዲ ቀዳ። ሰባት መቶ ግራም የባሕር ጨው በሚዛን መዘነ፤ በእጁ ገምቶ አያውቅም። ትንሿን ፓምፕ ባልዲው ውስጥ ከቶ ጨው እስኪሟሟ አማሰለው። ማሞቂያውን ሰካ። ውሃው ሃያ አምስት ዲግሪ ሲሞላ አንድ ጠብታ በጨው መለኪያው መስታወት ላይ ጠብ አደረገና መለኪያውን ወደ መስኮቱ አዙሮ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየ። መስመሩ ልክ ቦታው ላይ ነው።

ከዚያ የገንዳውን ፓምፕ አጠፋ። መስታወቱን በማግኔት ብሩሽ ከላይ ወደ ታች ፈገፈገ። ቀጭኑን የላስቲክ ቱቦ አስገብቶ ከአሸዋው ላይ ቆሻሻ መሳብ ጀመረ። ብርቱካንማዋ ድንጋይ ሥር ሲደርስ እንደ ልማዱ ነጣ ያለ ፍርፋሪ አገኘ።

«ይሄ ደግሞ ከየት ነው የሚመጣው?» አለ ለራሱ። አንዲትም ሳያስቀር ጥርግ አድርጎ ሳበው።

ሥራው ንጹሕ ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት ፓምፕ ጠግኗል፤ የፎቅ ፓምፕ፣ የጉድጓድ ፓምፕ፣ የልብስ ማጠቢያ ቤት ፓምፕ። ሰፈሩ «ጋሽ ፓምፕ» ነው የሚለው፤ ትክክለኛ ስሙን የሚያውቁት የመብራት ቆጣሪ አንባቢውና እህቱ ብቻ ናቸው ብሎ ይቀልዳል። እህቱ በሰባት ዓመት ታንሰዋለች። ልብስ ሰፊ ናት። ባሏ ገና በወጣትነቷ ሞተባት፤ እሱ ደግሞ ሳያገባ ቀረ፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ባለ ሁለት ክፍል ቤት አብረው መኖር ከጀመሩ ሃያ ሁለት ዓመት ሆናቸው። ሳሎኑን ለሁለት ተካፍለውታል፤ የመስኮቱ በኩል የእሷ የስፌት መኪና፣ የግድግዳው በኩል የእሱ የዓሣ ገንዳ። ገንዳውም ራሱ ክፍፍል አለው። ውሃው የእሱ ነው። ውሃው ውስጥ ያለው ነፍስ ሁሉ የእሷ ነው።

ያቺን ድንጋይ ያመጣቻት እሷ ናት። ከስምንት ወር በፊት አንድ የዓሣ ሱቅ ሊዘጋ ዕቃውን ሲሸጥ ሄደው ነበር። ጥግ ላይ ባለ ባልዲ ውስጥ ጡጫ የምታክል ጠቆር ያለች ነገር ተቀምጣለች። ከላይዋ አሥራ አራት አጫጭር ቱቦዎች በቅለውባታል፤ እያንዳንዳቸው የአውራ ጣት ጫፍ ያክላሉ፤ ቀለማቸው ብርቱካን ነው። ባለ ሱቁ ትከሻውን ነቀነቀ።

«ኮራል ናት፤ ድንጋይ ብትመስልም የባሕር እንስሳ ናት። የምን ኮራል እንደሆነች ግን አላውቅም። ከሌላ ዕቃ ጋር ተቀላቅላ ነው የመጣችው። ሰው ሁሉ ሞታለች እያለ አልፏታል።»

«ስሙን የማናውቀውን ነገር ቤት እናስገባ?» አለ ጋሽ ፓምፕ።

«አንተስ ስትወለድ ስምህን ይዘህ ነው የመጣኸው?» አለችው እህቱ፤ ባልዲውን አንስታም ነበር።

ስም ያወጣችላትም እሷ ናት። ቀን ቀን ጭብጥ ብላ ተሸፋፍና ስለምትውል «ዓይናፋሯ» አለቻት። አንዳንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ አሥራ አራቱም ቱቦዎች ተከፍተው፣ ከየአፋቸው ቢጫ ክር የመሰለ ነገር ወጥቶ ሲወዛወዝ ያገኛት ነበር። ያን ጊዜ ድንጋይ አትመስልም፤ የአበባ እቅፍ ናት። እህቱ የስፌት መኪናውን አቁማ አገጯን በእጇ ደግፋ ታያታለች። እሱም ያያታል፤ ግን ምን እንደከፈታት ጠይቆ አያውቅም። ውሃው ንጹሕ ስለሆነ ነው ብሎ ለራሱ ምስጋናውን ወስዶ ነበር።

ቤቱ ውስጥ አንድ ሕግ ነበረው። «ውሃዬን እንዳታቆሽሺብኝ!» ለዓሦቹ በቀን አንዴ ቁንጥር፣ ከዚያ ወዲያ ምንም። አንድ ጊዜ እህቱ ቁንጥሯን አብዝታ ገንዳው ሲደፈርስ ሁለት ቀን አኩርፏታል።

መጋቢት ላይ ሆዷን አመማት። ያማታል፣ ይተዋታል፤ በመጨረሻ ሐኪም ቤት አስተኝተው ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል አሏት። ከቤት ስትወጣ ዓይናፋሯ ፊት ቆም አለች።

«ስመለስ ተከፍታ እንዳገኛት» አለችው። «አደራ ጋሼ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«ከውሃዬ ጋር ነው አደራሽ?» ብሎ ሳቀ። «ውሃ እኮ ሥራዬ ነው!»

እሷም ሳቀች። ታክሲው ከታች ጡሩንባውን ነፋ።

በመጀመሪያው ሳምንት ዓይናፋሯ አልተከፈተችም። ጋሽ ፓምፕ የሚያውቀውን አደረገ፤ ውሃ ቀየረ። በሁለተኛው ሳምንትም አልተከፈተችም። ሁለት ጊዜ ቀየረ። የማጣሪያውን ስፖንጅ አጠበ፤ ፓምፑን ፈትቶ ውሃ የሚገፋውን ክንፉን በጥርስ ብሩሽ አጸዳ። ውሃው እንደ መስታወት ሆነ። እሷ ግን ጭብጥ እንዳለች ናት። ጠጋ ብሎ ሲያያት በቱቦዎቹ መካከል ያለው ሥጋ ሳስቶ ነጭ አጥንቷ መታየት ጀምሯል።

ሐኪም ቤት በሄደ ቁጥር የእህቱ የመጀመሪያ ጥያቄ አንድ ነው።

«ተከፈተች?»

«ዛሬ አኩርፋለች።»

«በአንተ ወጥታ ነዋ!»

ስቃ የቀዶ ጥገናው ስፌት ያማታል፤ ሆዷን ይዛ «አታስቀኝ» ትለዋለች፤ ያሳቀችው እሷ ሆና ሳለ።

በሦስተኛው ሳምንት ስሟን ለማወቅ ቆረጠ። ስሙ የማይታወቅ ፓምፕ ሲመጣለት እንደሚያደርገው አደረገ። ርዝመቷን በማስመሪያ ለካ፤ ከላይ፣ ከጎን፣ ከፊት ፎቶ አነሳት። ከተማው ዳር ወዳለ ትልቅ የዓሣ ሱቅ ሄዶ ስልኩን ለሻጩ ሰጠው። ሻጩ ሌላ ደንበኛ ይዞ ስለነበር ፎቶውን በጣቱ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ አደረገው።

«እንዲህ ተዘግታ መለየት ይከብዳል፤ ግን ይሄ ብርሃን የሚወድ ዘር ይመስለኛል። ኮራል አብዛኛው ከብርሃን ነው የሚኖረው። መብራት አንሷት ይሆናል ጋሼ።»

ይህ ለጋሽ ፓምፕ ገባው። ብልሽት ሲገኝ ዕቃ ይቀየራል። ብርቱ መብራት ገዛ። የሰቀለለት የሥራ ጓደኛው ነበር፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ አፉ አያርፍም።

«አንተ ሰውዬ፣ ለድንጋይ ፀሐይ ልትሰቅልላት?»

«ድንጋይ አይደለችም። ነፍስ አላት።»

«ነፍስ ካላትማ መነጽር ግዛላት፤ ይሄ መብራት ዓይን ያጠፋል» አለና መሰላሉ ላይ ሆኖ ሽቦውን ጠቀለለ።

መብራቱ በርቶ ዋለ። ከሳምንት በኋላ ባዶ በቀሩት ቱቦዎች ላይ አልጌ የሚሉት አረንጓዴ የውሃ ሻጋታ ወጣባቸው። ጋሽ ፓምፕ አልጌውን በጥርስ ብሩሽ ፈገፈገ፣ ውሃ ቀየረ፣ መብራቱን ወደ ታች ዝቅ አደረገ። የሚያደርገው ሁሉ በልኩ፣ በሰዓቱ፣ በንጽሕና ነበር። ዓይኑ እያየ ግን ከእጁ ልታመልጥ ነው።

በዚያው ሰሞን ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ለብቻው ጠራው። ከሆዷ ያወጡትን መርምረዋል። ካንሰር ነው፤ ተሰራጭቷል። «ወራት» ብሎ ጀመረና «ምናልባትም ሳምንታት» ብሎ ጨረሰ። ጋሽ ፓምፕ ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ «ገባኝ፣ ገባኝ» አለ፤ አልገባውም ነበር። ግድግዳውን ተደግፎ ትንሽ ቆመ፤ ፊቱን በመሐረብ ጠርጎ ወደ ክፍሏ ገባ።

እህቱ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። እጇ ቀጥኖ ጣቷ ላይ ያለው የመርፌ ጠባሳ ሁሉ ጎልቶ ይታያል።

«ተከፈተች?» አለችው።

በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ሰው ማስደሰት ፈልጎ አያውቅም።

«ተከፈተች!» አለ። «ዛሬ ጠዋት። አሥራ አራቱም።»

ፊቷ በራ። ትራሱን ለቃ ቀና አለች። «ውሸትህን ነው!»

«እኔ? ስለ ገንዳዬ?»

«ትበላለች?»

እንደ ቀልድ ነው የያዘው። «እንዴታ! ከእኔ በላይ።»

እህቱ እጁን ይዛ ሳመችው። ዓይኗ እንባ ሞላ። «ጎበዝ! እኔ እኮ ትቆጣለህ ብዬ ፈርቼ ነበር ጋሼ። እንዴት ብዬ ልንገረው እያልኩ ስጨነቅ ሰነበትኩ። ለካ ራስህ ደርሰህበታል።»

ምን እንደደረሰበት አልገባውም። ሊጠይቃት አፉን ከፈተ። ግን ከጠየቀ እሷም ትጠይቃለች፤ ከጠየቀች ደግሞ ውሸቱ ይወጣል። ስለዚህ አፉን ገጥሞ እጇን ዳበሳት። ቆይቶ ብርድ ልብሷን አስተካከለላት። በበኩሉ ጥሩ ሥራ ሠርቶ የወጣ መስሎት ነበር።

ሐሙስ ዕለት ሐኪሙ ፈቀደ። ቅዳሜን ቤቷ ውላ ማታ ትመለስ፤ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጣ መሄድ ትችላለች። እህቱ ገና በሩን ሲከፍት ነገረችው።

«ቅዳሜ እመጣለሁ! አየኋት ማለት ነው! ሌላው ሁሉ ይቅርብኝ፤ ወንበሬን ገንዳው ፊት አድርግልኝ።»

ጋሽ ፓምፕ ሰማይ የተደፋበት መሰለው። ዓይናፋሯ ላይ የቀረው ሥጋ በጣት ይቆጠራል። ብታያት ኮራሏን ብቻ ሳይሆን የወንድሟንም ውሸት ታያለች። አንድ ሳምንት ቢያገኝ፣ አዲስ ማጣሪያ ቢገጥም፣ አንዷ እንኳ ብትከፈት...

«ሊፍቱ ተበላሽቷል» አለ።

«ሊፍቱ? አንተና ያ ለፍላፊ ጓደኛህ እያላችሁ?»

«ሞተሩ ነው። ዕቃ ታዟል። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ይደርሳል።»

እህቱ ብርድ ልብሱን ወደ ደረቷ ሳበች። ስለ ማሽን ዋሽቷት አያውቅም። «እሺ» አለች። «ብቻ እሷ ትከፈት። እኔ ሳምንት እጠብቃለሁ። እስከዚያ ትንሽ ጉልበት አገኛለሁ።»

ሊፍቱ ደህና ነበር። የዚያን ዕለት ማታም ተሳፍሮበት ወጣ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ እህቱ ሞተች። እሱ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ፓምፕ ሥር ተኝቶ ብሎን እያጠበቀ ነበር። ስልኩ ሁለት ጊዜ ጮኸ፤ እጁ ቅባት ስለነበር አላነሳውም። በሦስተኛው አነሳ። የነገረችው ነርስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበርና «ከፍ አድርጊው፣ ማሽን ይጮሃል» አላት። ደግማ ነገረችው። ብሎኑን አጥብቆ ጨረሰ፤ ለምን እንደጨረሰው እስከ ዛሬ አያውቅም።

ከዚያ ወዲያ ሊፍቱን አልነካውም። አራት ፎቅ በደረጃ ይወጣል። ጉልበቱን ያመዋል። ይመመኝ ይላል።

በዘጠነኛው ቀን ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ሲሄድ የስፌት መኪናዋ አጠገብ ተቀመጠ። የደንበኞቿ ጨርቅ ለባለቤቱ መመለስ ነበረበት፤ ግማሽ የተሰፋ ቀሚስ፣ ክፈፉ የቀረ መጋረጃ። መሳቢያውን ከላይ ወደ ታች ከፈተ። ታችኛው መሳቢያ ውስጥ የልብስ ያልሆነ ዕቃ አገኘ።

አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደረው። ጥቁር ወፍራም ጨርቅ፤ አራት ማዕዘኑ ተሰፍቷል፤ ጠርዙ ዙሪያውን ላስቲክ ገብቶበታል። ዘረጋው። መለካት አላስፈለገውም፤ የገንዳው ልክ ነው። መርፌ የሌለው ሲሪንጅ፤ ጫፉ ላይ አንድ ጣት የሚያህል ለስላሳ ቱቦ ተሰክቶበታል። ቱቦው የራሱ ነው፤ ባለፈው ዓመት «ማን ወሰደብኝ?» ብሎ ቤቱን ያመሰበት። ወገቧ ላይ የተቆረጠች የውሃ ላስቲክ ጠርሙስ፤ የተቆረጠው ጠርዝ ኮራሉን እንዳይቧጭር በእሳት ተለስልሷል። ጫፏ ላይ የሥጋ ቁራጭ የደረቀባት ትንሽ መቀስ። ጨርቁ ላይ በልብስ ሰፊ ጠመኔ በትናንሽ ጭረቶች ተቆጥሯል፤ አሥራ አራት፣ አሥራ አራት፣ አሥራ አራት።

የሙያ ሰው ዕቃ አይቶ ሥራውን ያነባል። ጋሽ ፓምፕ ሌላ ጠጋኝ የነካውን ሞተር ሲከፍት ምን እንደተሠራና በምን ቅደም ተከተል እንደተሠራ ከብሎኑ አኳኋን ያውቃል። አሁንም አወቀ። ተነስቶ ማቀዝቀዣውን ከፈተ። ከበረዶው ክፍል ጥግ በጨርቅ የተሸፈነች የበረዶ መሥሪያ አለች፤ በየጉድጓዷ ሽሪምፕ የሚሉት ትንሽ የባሕር እንስሳ እንደ ሩዝ ፍሬ ተከትፎ ረግቶባታል። ግማሹ አልቋል። ግማሹ ከመጋቢት ጀምሮ እዚያው ነው።

ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተቀመጠ።

የተዘጋውን ሱቅ ሰውዬ ቁጥር እህቱ ስልክ ውስጥ አገኘው።

«እህትዎ ናት? ነፍስ ይማር» አለ ሰውዬው። «ደጋግማ ትደውልልኝ ነበር። እኔም ሰው ጠይቄ ደረስኩበት። የፀሐይ ኮራል ትባላለች። ስሟን ሰምተው እንዳይታለሉ፤ ፀሐይ አትፈልግም። ሌሎቹ ኮራሎች ከብርሃን ይኖራሉ፤ እሷ ግን በአፏ ነው የምትበላው። አሥራ አራት ቱቦ ካላት አሥራ አራት አፍ ነው፤ ለየብቻ ማጉረስ ነው። በሁለት ቀን አንዴ። በቀን እንድትከፈት ገንዳውን አጨልሚ፣ ፓምፑን አጥፊ፣ መጀመሪያ ሽታው እንዲደርሳት የሽሪምፑን ውሃ ብቻ ርጪባት፣ ሩብ ሰዓት ጠብቂ አልኳት። ስትዘጋባት ታለቅስ ነበር፤ ስትከፈትላት ደግሞ ደውላ ትስቃለች። አልነገረችዎትም?»

«አልጠየቅኋትም» አለ ጋሽ ፓምፕ።

«እንዴት? አንድ ቤት ውስጥ?»

«ስወጣ ነበር የምታበላት። ውሃዬ እንዳይቆሽሽ ስለምቆጣ።»

ጋሽ ፓምፕ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ገንዳውን አየ። በየሳምንቱ ከድንጋይዋ ሥር የሚስበው ፍርፋሪ የአፏ ትርፍ ነበር። እህቱ አልጋ ላይ ሆና «ትበላለች?» ብላ የጠየቀችው ከልቧ ነበር። እውነቱን ቢነግራት፣ «አልተከፈተችም፣ ምን ላድርግ?» ቢላት፣ መልሱ እዚያው አጠገቡ ትራስ ተደግፎ ተቀምጦ ነበር። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ቅዳሜ ትመጣ ነበር። ታያት ነበር።

መብራቱን ነቀለ። በማግሥቱ ጠዋት እጁን እስከ ክርኑ ታጠበ። ፓምፑን አጠፋ፣ ገንዳውን ጥቁሩን ጨርቅ አለበሰ፣ የሽሪምፑን ውሃ በሲሪንጁ ረጨ፣ ሽታው እንዳይበተን ጠርሙሷን ደፋባት። ሩብ ሰዓት ቆጠረ። ምንም። በሦስተኛው ቀን ደገመ። ምንም። ያ ለፍላፊ ጓደኛው መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«እያበላኋት ነው።»

ጓደኛው ለቀልድ አፉን ከፈተና የጋሽ ፓምፕን ፊት ሲያይ ተወው። ወንበር ስቦ አጠገቡ ተቀመጠ። «ሰዓቱን እኔ ልያዝልህ» አለ።

ስድስተኛ ሙከራው ላይ፣ ከኋላ በኩል፣ ከአንዷ ቱቦ ቢጫ ክር ወጣ። ፀጉር ያክላል። ጋሽ ፓምፕ እስትንፋሱን ያዘ። በሲሪንጁ ጫፍ አንዲት ፍሬ ሽሪምፕ አቀረበላት። ክሩ ነካት፣ ያዛት፣ ቀስ ብሎ ወደ አፉ ሳባት። ገንዳው ፊት ግንባሩን መስታወቱ ላይ ደፍቶ እንደ ልጅ አለቀሰ፤ ጓደኛው ትከሻውን ይዞ ሰዓቱን አየ።

ከአሥራ አራቱ የተረፉት ሦስት ናቸው። አሥራ አንዱ ባዶ አጥንት ሆነው ቀርተዋል፤ አይበቅሉም። ሦስቱ በሁለት ቀን አንዴ ይበላሉ። ውሃው እንደ ድሮው መስታወት አይመስልም፤ ትንሽ ደፍረስ ይላል፤ እሱም ትቶታል። የገንዳው ፊት አንድ ወንበር አስቀምጧል። ማንም አይቀመጥበትም።

ፓምፕ ሊያስጠግኑ ለሚመጡ ሁሉ የሚነግረውን ለአንባቢም ንገሩልኝ ብሏል። ምክር አይደለም፣ ልመና ነው ይላል።

«ቤታችሁ ውስጥ አንድ ነገር በዝምታ የምታኖር አንዲት ነፍስ አትጠፋም፤ አበባ ይሁን፣ ድመት ይሁን፣ የታመመ አባት ይሁን። ዛሬ ቤት ስትገቡ ሥራዬ ብላችሁ አጠገቧ ቁሙና ‹እስቲ አንዴ አሳዪኝ› በሏት። በእጃችሁ ሞክሩት። ብታቆሽሽም አትቆጧት። ነገ አትበሉ፤ እባካችሁ ዛሬ።»